«ቾፒቱላስ» እስኪሉ

ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ረጅም መንገድ አለ። አጻጻፉ ምላስ ያስራል፤ አጠራሩ «ቾፒቱላስ» ነው። ታክሲ የጀመርኩ ሰሞን እንደተጻፈው ብጠራው አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ እስክትወርድ ድረስ ሳቀችብኝ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም።

ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የገባች ዕለት፣ ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 29፣ 2005)፣ ሂዩስተን አብሮ አደጌ ቤት ነበርኩ። የጎርፍ መከላከያው ተደርምሶ ከከተማዋ 80 በመቶውን ውሃ ሲውጠው በቴሌቪዥን አየሁ። እንቁጣጣሽም እዚያው መጣ። ዶሮው ቀርቦ ሁሉም ብላ ብላ ይለኛል፤ እኔ ስክሪኑ ላይ የሰፈሬን ጣሪያ እፈልጋለሁ።

ቤታችሁን አይታችሁ ውጡ ሲባል ተመለስኩ። ሰፈሬ ጄንቲሊ ሰው የለም። ፍሪጆች የበሰበሰ ምግብ እንደያዙ በፕላስተር ታሽገው በየደጁ ቆመዋል። ስለ ሽታው ባላወራ ይሻላል። የመንገድ ስም የያዙት ታፔላዎች ወድቀዋል፤ መስቀለኛው ላይ የቆሙት ፖሊሶች ደግሞ የእኛ አይደሉም።

ከኒው ዮርክ፣ ከካሊፎርኒያ፣ ከኢሊኖይ የመጡ ነበሩ። በሉዊዚያና ሕግ ሰው ለመያዝ መጀመሪያ ቃለ መሐላ ይፈጽሙ ነበር። የከተማዋ ፖሊሶች የብዙዎቹ ቤት ሰጥሟል፤ እንዲያም ሆኖ ሌት ተቀን የሠሩ ነበሩ። ከሥራ ጠፍተዋል ተብለው የተጠረጠሩት ግን ከ200 በላይ ናቸው። ዳንዚገር ድልድይ ላይ ባልታጠቁ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለት የገደሉትም እንግዶቹ አልነበሩም፣ የራሳችን ናቸው።

ኒው ዮርኮች ብድርም ነበረባቸው። በፈረንጆቹ 2001 መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲወድቁ የሉዊዚያና ሰዎች የእሳት አደጋ መኪና ለግሰዋቸው ነበር። ካትሪና ስትመጣ የኒው ዮርክ እሳት አደጋ ሠራተኞች ያንኑ መኪና ይዘው ኒው ኦርሊንስ ገቡ። ብድር በምድር ማለት ይህ ነው፤ ተረቱን የምነግረው አማርኛ አዋቂ ግን አልነበረም።

እኔን ያስቆመኝ የኢሊኖይ ፖሊስ ነው፤ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ጎልማሳ ሰው። መንጃ ፈቃዴን ለማውጣት እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ «እሱን ተወው» አለና ካርታውን ኮፈኑ ላይ ዘረጋው። መንገዱ ጠፍቶበታል። በዚህ አገር ፖሊስ እኔን መንገድ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። የመንገዱን ስም እንደተጻፈው አነበበልኝ። ሳቄን ዋጥኩና «ቾፒቱላስ» አልኩት። እንደ ተማሪ ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሲሄድ «ይቅናህ ጎረቤት» አለኝ። ጎረቤት!

ቤቴ በር ላይ ቤት ለቤት ሰው የሚፈልጉት ቡድኖች በቀለም የረጩትን ኤክስ አገኘሁ። በላይ ቀኑ፣ በግራ የቡድኑ መለያ፣ በቀኝ ቤቱ ውስጥ ያለው አደጋ፣ በታች የተገኘው ሰው ቁጥር። የእኔ ከታች 0 ይላል። የጎረቤቴ 1።

እንግዶቹ ሄዱ። በፈረንጆቹ 2006 ሰኔ ላይ ወጣቶች ሲገደሉ ደግሞ 300 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች መጡ፤ ያለ እነሱ መሽቶ የማይነጋ እስኪመስለን እስከ 2009 ቆዩ።

ያን ኤክስ ብዙ ሰው ቀለም ቀብቶ አጠፋው። አንዳንዱ ግን ከብረት አሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። የጎረቤቴን ቤት የገዙት ወጣቶች ኤክሱን ሳያጠፉ ዙሪያውን በአረንጓዴ ቀቡት። ያምራል ይላሉ እንግዶቻቸው፣ ፎቶ ሲነሱ። ቁጥሯ ምን እንደሆነች የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ሳልጠየቅ አላወራሁም።

በቀደም አንድ ወጣት ፖሊስ አስቆመኝ። ከአነጋገሩ የከተማው ልጅ አይደለም። መንጃ ፈቃዴን አገላብጦ አየና «ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከጄንቲሊ።»

«እሱን አይደለም። በትክክል ከየት ነህ?»

ነገርኩት። ወረቀቴን መለሰልኝና በትከሻው ላይ ባለው ሬዲዮ ያለበትን ቦታ ለባልደረባው ማስረዳት ጀመረ። የመንገዱን ስም እንደተጻፈው ጠራው። ከዚያኛው ጫፍ «የት?» ይሉታል፤ እንደገና እንደተጻፈው ይጠራዋል።

ቀበቶዬን አሰርኩና መስኮቴን ዘጋሁ።