ከውሻ ጋር ወደ ጭላሎ

አሰላ ላይ ገና ጎህ አልቀደደም። ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። ከየቤቱ የባሕር ዛፍ ጭስ ይወጣል። እኛ ግን ተነሥተናል። ዛሬ ወደ ጭላሎ ተራራ እንሄዳለን።

አሰላ የአርሲ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዳማ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ያደርሳል። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ጭላሎ ቆሟል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከግርጌው ስንዴና ገብስ ይዘራል። ከላይ ግን ደመናና ብርድ ነው።

መንገዱን የሚያሳዩን አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ስንደርስ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። አጠገባቸው አንድ ቡናማ ውሻ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ገመድ አለ። የገመዱን ጫፍ እሳቸው ይዘዋል።

እኛ ገረመን። በገጠር ውሻ ጌታውን እንደ ልቡ ይከተላል። በገመድ ተይዞ ሲሄድ ብዙ አላየንም።

«አባባ፣ ውሻው ይናከሳል እንዴ?» ብለን ጠየቅን።

«ኧረ አይናከስም፣ ልጆቼ» አሉን። «በየቀኑ አብረን ነው የምንሄደው። ገመዱ ለምን እንደሆነ መንገዱ ራሱ ይነግራችኋል። በሉ እንሂድ።»

መጀመሪያ ዋናውን መንገድ መሻገር ነበረብን። የጭነት መኪና ያልፋል። ባጃጅ ያልፋል። ጋሪ የሚጎትት ፈረስም ያልፋል። አዛውንቱ ገመዱን አሳጠሩት። ውሻውን በዳር በኩል አደረጉት። እሳቸው በመኪናውና በውሻው መካከል ሆኑ።

«ውሻ ማዶ ሌላ ውሻ ካየ መኪና አያይም፤ ዘሎ ይገባል» አሉ። «የፈረስ እግርም ይነክሳል። ፈረሱ ከደነበረ ጋሪው ይገለበጣል። ታዲያ የሚጎዳው ማነው? ሰው ነው።»

መንገዱን ተሻግረን ወደ እርሻው ገባን። እዚያ ገመዱን አስረዘሙለት። ውሻው ሣሩን ያሸታል። ድንጋዩን ያሸታል። ጅራቱን ይወዘውዛል። አዛውንቱም ቆመው ይጠብቁታል። ውሻ አገሩን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። እየጎተቱ ካስሮጡት በጉዞው አይደሰትም። ስማቸውን ሰምቶ ሲመለስ ደግሞ «ጎበዝ!» ይሉታል። ሲመቱት አላየንም።

ጥቂት እንደ ሄድን ልጆች መጡ። ደብተራቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። አርሲ የሯጮች አገር መሆኑን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. የተወለደው በዚሁ በአሰላ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ ነበር። እየሮጠም ይመለስ ነበር።

አዛውንቱ ከመንገዱ ወጡ። ውሻውን አስቀመጡት። ልጆቹ እስኪያልፉ ድረስ ገመዱን አጥብቀው ያዙ። ውሻ የሚሮጥ ነገር ካየ ማባረር ይወዳል። ጥሩ ውሻም ቢሆን ያባርራል። ስለዚህ ልጆቻችንን እንዲህ ብለን እንምከር፦ ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ። ዝም ብላችሁ ቁሙ። ዓይን ዓይኑን አትዩት። ድንጋይ አትወርውሩ። ቀስ ብላችሁ ራቁ።

«ከልጆቹ አንዱን አያችሁት? ያንን ረጅሙን?» አሉን አዛውንቱ። «የጎረቤቴ ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ላይ ውሻ ነከሰው። ውሻው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ለሃጩ ይዝረበረባል። ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። የእኔንም ጊደር ነከሰ።»

እናትየዋ አልዘገየችም። ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለረጅም ጊዜ አጠበችው። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰደችው። ልጁ መርፌውን እስከ መጨረሻው ተወጋ። ዛሬ ይሮጣል። ጊደሯ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ አበደችና ሞተች።

ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በውሻው ምራቅ ውስጥ ይኖራል። በንክሻ ወደ ሰው ይገባል። ቶሎ ላይታይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ይነሣል። አንድ ጊዜ ከተነሣ ግን የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከመነሣቱ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከተበ። ልጁም ዳነ።

ስለዚህ ሰው ቢነከስ ምን እናድርግ? ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እንጠብ። በርበሬ ወይም ቅጠል አንጨምርበት። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት እንሂድ። መርፌው ተጀምሮ አይቋረጥም። የነከሰው ውሻ ባለቤቱ የሚታወቅና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ አስሮ 10 ቀን መጠበቅ ይገባል። ሰውየው ግን 10 ቀን አይጠብቅ። ወዲያው ይታከም።

ፀሐይ ወጣች። ዳገቱ ጠና። አንድ ምንጭ አጠገብ ዐረፍን። ውሻው ጠጣ። አዛውንቱ ጆሮውንና ጣቶቹን እያዩ መዥገር ለቀሙለት። ከዚያ እርሻው አለቀ። የመጨረሻው ቤት የዘመዳቸው ነው። ውሻውን እዚያ አሰሩት።

«ከዚህ በላይስ ለምን አይሄድም?» አልናቸው።

«ከዚህ በላይ የሱ አገር አይደለም» አሉን።

የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ወጣን። ጅብራ እዚህም እዚያም ቆሟል። ነፋሱ ያፏጫል። አዛውንቱ በድንገት እጃቸውን አነሡ። እኛም ቆምን። ማዶ ላይ አንድ ቀይ እንስሳ አይጥ ያደባል። እግሩ ረጅም ነው። አንገቱ ሥር ነጭ ነው። የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። ቀይ ቀበሮ ነው።

ኦሮሞዎች «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል። የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ይከተላል፤ እንግዴ ልጁን ይበላል ይባላል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። በአገራችንም በጥቂት ደጋ ተራሮች ላይ ብቻ ይኖራል። ሁሉም ቢቆጠር 500 ያህል ቢሆን ነው።

ይህን እንስሳ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ የእኛው ውሻ ነው። የታመመ ውሻ ተራራ ላይ ከቀበሮ ጋር ይገናኛል። ይናከሳል። በሽታውን ይሰጠዋል። ቀበሮዎች በቤተሰብ ስለሚኖሩ አንዱ ከታመመ ሌላውም ይታመማል። በጎረቤታችን በባሌ ተራሮች ይህ ሆኗል። በ1984 ዓ.ም. ገደማ ብዙ ቀበሮ አለቀ። በ1996 ዓ.ም. በሽታው ተመልሶ መጣ። በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ ሞቱ። ባለሙያዎች የተረፉትን እየያዙ ከተቡ። የገበሬውንም ውሾች ይከትባሉ።

ቀበሮው አየንና ቀስ ብሎ ሄደ። እኛም ተመለስን።

ማታ አዛውንቱ ቤት ገብተን ቡና ጠጣን። ውሻው ትርፍራፊውን በልቶ በር ላይ ተኛ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? ለሚጠብቀን እንስሳ መብሉን፣ ውሃውንና ክትባቱን መስጠት የእኛ ፈንታ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። ከዚያም በየጊዜው ይደገምለታል። የሚደገምበትን ቀን የእንስሳት ሐኪሙ ይነግራል።

አዛውንቱ ከሣጥናቸው አንዲት ወረቀት አወጡ። የውሻው የክትባት ወረቀት ናት። ወደ መብራቱ አስጠጓት። ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እያሳለፉ ቀኑን አነበቡልን። ማንበብ የተማሩት ካረጁ በኋላ ነው።

«ቀኑ ሊደርስ 12 ቀን ቀርቶታል» አሉ። «ድሮ ቢሆን ማንን ልጠይቅ ነበር?»