ተሠርታ የማታውቀው መርከብ

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው የጦር መርከብ 40 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። እውነተኛዋ ብትሠራ ኖሮ 281 ሜትር ትሆን ነበር። ግን አልተሠራችም። አንድ ቀን እንኳ ባሕር አላየችም፤ አንድም መርከበኛ አልተሳፈረባትም። ስሟ ሞንታና ነው። እኔ ደግሞ ላለፉት አምስት ወራት ቅዳሜና እሑድ ማታ ማታ የእሷን የፕላስቲክ ሞዴል ስሠራ ከርሜአለሁ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ቀኑን ሙሉ በእጅ የማይዳሰስ ነገር ስለምሠራ፣ ማታ የሚዳሰስ ነገር ያምረኛል። የመጀመሪያ ሞዴሌን የሠራሁት ለማስተርስ ወደ አሜሪካ በመጣሁበት ዓመት ነው። የበረዶው ወራት አያልቅም፣ ኪሴም ባዶ ነበር። አንድ የሃያ ዶላር ሳጥን ግን ለአንድ ወር ሥራ ይሰጣል።

አሠራሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። መርከቧ ሳጥን ውስጥ የምትመጣው ተበታትና ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ግራጫ ቁርጥራጮች፣ ፍሬ ከቅርንጫፍ ጋር እንደሚያያዝ፣ በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ላይ ተያይዘዋል። እያንዳንዱን በመቁረጫ ትቆርጣላችሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳላችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ ቦታው ላይ ታስቀምጣላችሁ። (ወረንጦ እናቶቻችን እሾህ የሚያወጡባት ያቺ ትንሽ መቆንጠጫ ናት። ለዚህ ሥራ ከእሷ የሚሻል መሣሪያ አላየሁም።) ማጣበቂያው የተለመደው ኮላ አይደለም። የፕላስቲኩን ገጽ በትንሹ ያሟሟዋል፤ ሁለቱ ክፍሎች ይዋሐዱና ሲደርቁ አንድ ይሆናሉ። ከማጣበቅ ይልቅ ብየዳን ይመስላል። ልኩ 1 ለ 700 ነው፤ እውነተኛው ነገር ለ700 ይካፈላል ማለት ነው። በዚህ ልክ አንድ ሰው የሰሊጥ ፍሬ ያህላል።

የሞንታና ታሪክ የሚጀምረው ከስሟ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካኖች ባትልሺፕ የሚባሉትን ታላላቅ የጦር መርከቦች በግዛቶቻቸው ስም ይሰይሙ ነበር። በዚያ ዘመን ከነበሩት 48 ግዛቶች መካከል በስሟ ባትልሺፕ ተሠርቶ ያላለቀላት ሞንታና ብቻ ናት። በ1920 አንድ ተጀምሮላት ነበር፤ በ1922 ዋሽንግተን ላይ በተፈረመው የባሕር ኃይሎች ስምምነት የተነሣ ቀረ። በጁላይ 1940 ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣና አምስት መርከቦች ታዘዙ፦ ሞንታና፣ ኦሃዮ፣ ሜይን፣ ኒው ሃምፕሸርና ሉዊዚያና። ሞንታና ፊላደልፊያ ውስጥ ልትሠራ ነበር። 12 ታላላቅ መድፎች በአራት ተሽከርካሪ የመድፍ ቤቶች፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይተከሉባታል። የእያንዳንዱ መድፍ አፍ 406 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የሚተኩሰው ጥይት 1,200 ኪሎ ግራም ያልፋል።

ስፋቷ 37 ሜትር ገደማ ነበር። የፓናማ ቦይ በሮች ስፋት ደግሞ 33 ሜትር ተኩል ብቻ። ከዚያ በፊት የነበሩት የአሜሪካ ባትልሺፖች ሁሉ በእነዚያ በሮች ማለፍ ስለነበረባቸው ጠበው ይሠሩ ነበር። ለሞንታና ግን በሮቹ ይሰፋሉ ተባለ። የማስፋቱ ሥራ ተጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ቆመ። ሰፋፊዎቹ በሮች የተከፈቱት በ2016 ነው። ዛሬ ብትኖር ታልፍ ነበር።

ታዲያ ምን አስቀራት? በጁን 1942 በሚድዌይ ጦርነት ጃፓን አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አጣች። የሰጠሟቸው አውሮፕላኖች ናቸው፤ የሁለቱ ወገን መርከቦች እርስ በርስ እንኳ አልተያዩም። የመድፍ ዘመን እያለፈ ነበር። ብረቱም፣ ሠራተኛውም፣ የመርከብ መሥሪያ ቦታውም ለአውሮፕላን ተሸካሚዎችና ወታደር ለሚያወርዱ ጀልባዎች ተፈለገ። በጁላይ 21 ቀን 1943 አምስቱም ተሠረዙ።

ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። እንዲያም ሆኖ እኔ የማስበው ስለ ንድፍ ሠራተኞቹ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ከአምስት ባልደረቦቼ ጋር 14 ወር የለፋንበት ሥርዓት አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሃያ ደቂቃ ስብሰባ ተሠረዘ። ምክንያቱ ተነገረን፤ ምክንያቱም ምክንያት ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮዱን ለማየት ስሞክር ተቆልፏል። ማንም ሳይጠቀምበት ጠፋ። ስለ እሱ ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ደመወዝህን ከፈሉህ አይደል?» አለችኝ። ከፍለውኛል። የሞንታናን ሳጥን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ ሳልከፍተው ግን ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

የኖረችን መርከብ ስትሠሩ ፎቶግራፍ ዳኛ ነው። መሰላሉ በግራ ነው ወይስ በቀኝ? ፎቶውን ታያላችሁ፣ ያበቃል። ለሞንታና ግን ፎቶ የለም። ያለው ንድፍ ነው፤ ንድፍ ደግሞ ሥራው በቆመበት ቀን ይቆማል። እውነተኞቹ መርከቦች ግን በጦርነቱ ውስጥ ተለዋወጡ። የጠላት አውሮፕላን በበዛ ቁጥር የፀረ አውሮፕላን መሣሪያ በባዶ ቦታ ሁሉ ይተከል ነበር። በ1944 አገልግሎት የጀመረችው ዊስኮንሲን ባለ 40 ሚሊ ሜትር ብቻ 80 መድፎች ነበሯት። ሞንታና በ1945 ባሕር ላይ ብትሆን እሷም እንዲሁ ትጨናነቅ ነበር። ስለዚህ መምረጥ አለባችሁ፦ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ንጹሕ መርከብ ወይስ ጦርነቱ ያደርጋት የነበረውን?

እኔ ሁለተኛዋን መረጥሁ። ቀለሙንም በዚያው ሐሳብ ቀባሁ፤ ከታች ጥቁር ሰማያዊ፣ ከላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ወለሉ ሰማያዊ። በ1945 ብዙ የአሜሪካ መርከቦች እንዲህ ነበሩ። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ግን ቀለሙ ሳይሆን እነዚያ ጥቃቅን መድፎች ናቸው። አንዳንዱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከወረንጦው ተፈናጥሮ ምንጣፍ ላይ ከወደቀ ደኅና ሁን ማለት ነው።

የአሥራ አንድ ዓመቷ የእህቴ ልጅ እሑድ እሑድ እየመጣች ትረዳኛለች። እዚሁ ቨርጂኒያ ነው የተወለደችው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ታፍራለች። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን፦ ጠረጴዛው ላይ ያለ ነገር ሁሉ በአማርኛ ይጠራል። መድፍ። ምሰሶ። ጭስ ማውጫ። መልሕቅ። መሪ። «መሪ»ን በጣም ወደደችው፤ ለሰውም፣ ለመኪናም፣ ለመርከብም አንድ ቃል ነው።

ነገሩን የቀየረው የእናቴ ወንድም ለሁለት ወር ሊጠይቁን ሲመጡ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ምጽዋ ላይ አገልግለዋል። ሞዴሉን መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህች የት ነው ያገለገለችው?»

«አልተሠራችም ጋሼ። በወረቀት ቀርታለች።»

«ታዲያ ያልነበረ መርከብ ለምን ትሠራለህ?»

እንዳልሰማ ሆኜ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። በማግሥቱ ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ኖርፎክ ነዳን፤ ዊስኮንሲን እዚያ ወደቡ ላይ ቆማ እንደ ሙዚየም ትጎበኛለች። እኔ የፈለግሁት የወለሉን ዝርዝር ለማየት ነበር፤ መድፎቿ ለሞንታና የታሰበው ዓይነት ናቸውና። እሷ ዘጠኝ አላት፣ ሞንታና ግን 12 ይኖራት ነበር። ጋሼ የመልሕቁን ሰንሰለት በእጃቸው ዳሰሱና ዝም አሉ። ከዚያ ደረጃ ላይ የእህቴን ልጅ «አንድ እጅ ለራስሽ፣ አንድ እጅ ለመርከቧ» እያሉ ብረቱን አስያዟት።

እዚያ ፊት ለፊቱ ጫፍ ላይ ቆመን አንድ ታሪክ ነገርኋቸው። በሜይ 1956 ዊስኮንሲን በጉም ውስጥ ኢተን ከምትባል ዲስትሮየር ጋር ተጋጭታ አፍንጫዋ ተጎዳ። በቅርብ ሳታልቅ የቀረች ኬንተኪ የምትባል ባትልሺፕ ነበረች። ኬንተኪ መጀመሪያ የታሰበችው እንደ ሞንታና ዓይነት ሆና ነበር፤ ኋላ በዊስኮንሲን ንድፍ እንድትሠራ ታዘዘች፣ እሷም ሳትፈጸም ቀረች። 120 ቶን የሚመዝነው የኬንተኪ የፊት ጫፍ ተቆርጦ ዊስኮንሲን ላይ ተበየደ፤ ሥራው 16 ቀን ብቻ ፈጀ።

ጋሼ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። «ስለዚህ አሁን የቆምነው ባላለቀችው ላይ ነው በለኛ» አሉና ሳቁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ራሳቸው መርከብ ማውራት ጀመሩ። ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። አሜሪካኖች ኦርካ ብለው የሠሯት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግል የነበረች ናት። በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠችና የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1991 ወደ የመን ሄደች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ። በልቤ ለ700 አካፈልሁት፤ 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል።

«የእሷ ሳጥን የለም?» አሉ ጋሼ።

ፈለግሁ፣ በስሟ የተሠራ አላገኘሁም። ያልነበረችው ሞንታና በሳጥን ትሸጣለች፤ እሳቸው የተኙባት፣ የበሉባት፣ ማዕበል ያስመለሳቸው ግን የለችም። ይህ ሳያናድደኝ አልቀረም።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ ሞንታናን ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋናት። የመርከቧን የድሮ ፎቶዎችና የእህቶቿን ንድፍ ከኢንተርኔት አወጣሁ፤ ከሞንታና ሳጥን የተረፉ ጥቃቅን መድፎችም አሉኝ። ጋሼ ትልቅ ወረቀት ላይ በእርሳስ መሳል ጀመሩ። እዚህ ወጥ ቤት፣ እዚህ የእኛ አልጋ፣ እዚህ መድፉ፣ እዚህ ሲጋራ ለማጨስ የምንደበቅበት። የመጨረሻው በምንም ንድፍ ላይ የለም። የእህቴ ልጅ ከጎናቸው ተቀምጣ የሚሉትን ሁሉ በፊደል ትጽፋለች።

«አባባ፣ መልሕቅ በየትኛው ‹ህ› ነው?»

«በሐመሩ ሐ ነው፤ ሐመር በግዕዝ መርከብ ማለት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ፣ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ጻፈችው፤ ከዚያ እርሳሱን ለጋሼ መለሰችላቸው፣ ጭስ ማውጫው ገና አልተሳለምና።