የዳክዬዋ መንገድ በሳሊተ ምሕረት

ከመገናኛ ተነሥተው በሲኤምሲ በኩል ወደ ሳሊተ ምሕረት ሲዘልቁ፣ በፎቆቹ መካከል ሣር የበዛበት ባዶ ቦታ አልፎ አልፎ ያያሉ። የዚህ ወገን ጅረቶች ወደ አቃቂ ወንዝ የሚወርዱ ናቸው። ምንቃርዋ ቢጫ የሆነው የደጋችን የዱር ዳክዬ ጎጆዋን የምትሠራው በውሃ አቅራቢያ፣ እንዲህ ባለ ሣር ውስጥ በመሬት ላይ ነው። 4 ሳምንት ያህል ታቅፋ ከፈለፈለች በኋላ ጫጩቶቿን በእግር ወደ ውሃ ትመራለች። ለመብረር ከ2 ወር በላይ ይፈጅባቸዋልና፣ በመካከል ያለው አስፋልት የሞት መንገድ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ ቢያጋጥምዎ ዕንቁላሉን አይንኩ፤ ጎጆውንም አያንሡ። ጫጩቶቹን ብቻ ለቅሞ መውሰድም ደግነት አይደለም፤ እናቲቱ ደንግጣ ስትበር ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። ይልቁንስ ውሻውን ያሳስሩ፣ ልጆቹን ገለል ያድርጉ፣ ሾፌሩንም በእጅ ምልክት ያስቁሙ፤ ከዚያ በኋላ እርስዋ ከፊት፣ እርስዎ ከኋላ ራቅ ብለው ይከተሉ። ቦይ ውስጥ የወደቀ ጫጩት ካለ አውጥተው እናቲቱ በምታይበት ስፍራ ያኑሩት። ማዛወሩ ግድ ከሆነ ግን እናትና ልጆች አብረው መያዝ አለባቸውና ሥራው የባለሙያ ነው፤ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያስታውቁ።

ውሃው ወዴት እንዳለ እርስዋ ታውቃለች። ከእኛ የሚፈለገው ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ማሳለፍ ብቻ ነው።