ጨረቃ የተረገጠችበት ክረምት

የደብረ ወርቅ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ የሚያየው አንድም ለዝናብ፣ አንድም ለበዓል ነበር። ዝናቡን ገበሬው ራሱ በነፋሱና በጮቄ በኩል በሚቋጠረው ደመና ያውቀዋል። በዓሉ ግን የሊቃውንት ድርሻ ነው። በደብረ ወርቅ ማርያም ዙሪያ ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩን የነበሩት የኔታ ፀሐይንና ጨረቃን በጣታቸው አንጓ ይቆጥሯቸው ነበር። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354፣ ትርፉ 11። ይህ 11 ጥንተ አበቅቴ ነው፤ 30 ለመሙላት የሚጎድለው 19 ደግሞ ጥንተ መጥቅዕ። ከዚህ ተነሥተው የመጪውን መቶ ዓመት ፋሲካ አንድ በአንድ ያወጡልሃል። «የዘንድሮው አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18» ሲሉን ዓመቱ 1961፣ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። እኛ ልጆቹ ስንሳሳት ኩርኩሙ ቅርብ ነው፤ እርሳቸው ሲሳሳቱ ግን አላየንም።

ያ ዓመት ለጎጃም ጥሩ ዓመት አልነበረም። ቀደም ብሎ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ፣ የእኛ ቢቸና አውራጃ፣ ሞጣና ዳሞት አምፀው ነበር። ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማው ጠቡ የብር ይመስላል። አባቶቻችንን ያስቆጣቸው ግን ከግብሩ ይልቅ ቀላዱ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ ነው። ዛሬ የተለካ ርስት ነገ የማን እንደሚሆን ማን ያውቃል ባዮች ነበሩ። ጦር ሲላክባቸው ጦር ገጠሙ፤ በኋላም አውሮፕላን መጣባቸው። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ስናይ ጨርቃችንን እያውለበለብን እንሮጥ የነበርን ልጆች፣ ድምፁ ገና ከሩቅ ሲሰማ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ መግባት ተማርን። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ፣ የቀላዱም ነገር ተድበስብሶ ቀረ።

ጨረቃ ተረገጠች የሚለው ወሬ የደረሰን እንግዲህ በዚህ ቁስል ላይ ነው። በከተማው ሬዲዮ ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ሲደክምባቸው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሐምሌ ሆኖ ፀሐይ ሲጠፋ ምድጃ ዳር ያስጠጉታል። በዚያ በሞተ ድንጋይ፣ እየመጣ በሚጠፋ ድምፅ፣ አርምስትሮንግና አልድሪን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ጨረቃ ላይ መውረዳቸውን ሰማን። የወረዱት እሑድ ሐምሌ 13 ቀን፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ነው። አርምስትሮንግ መሬቷን የረገጠው ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ከ56 ላይ። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ከእኛ ሰማይ ጠልቃ ነበር። በማግሥቱ ማታም ብናንጋጥጥ ከደመና በቀር ያየነው የለም።

ሰው እንደየአመሉ ተረጎመው። አንዳንዱ የሰናዖርን ግንብ አነሣ። አንዳንዱ ክረምቱ የከበደው ሰማዩን ወግተውት ነው አለ። አንድ ባላገር ግን ነገሩን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ፣ «ቀላድ ይዘው ከሆነ የወጡት ለጨረቃም ወዮላት» አሉና ነጋዴውን ሳይቀር አሳቁን።

የኔታ አልሳቁም። «ለመሆኑ ስንተኛ ሌሊቷ ላይ ነው የረገጧት?» ብለው ጠየቁ። ሬዲዮው ይህን አልተናገረም፤ ነጋዴውም አያውቁም። እኛ ልጆቹ የኔታ ዓለም እንዲህ ሲገለባበጥ እንኳ አበቅቴያቸውን አይተዉም ብለን ተንሾካሾክን።

የጥያቄውን ዋጋ የተረዳሁት ጎልምሼ ስለ ጉዞው ማንበብ ስጀምር ነው። መውረጃው ቀን የተመረጠው በጨረቃ ዕድሜ ነበር። በቦታው ፀሐይ ገና ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳትል፣ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳለች መድረስ ነበረባቸው፤ ጥላ ሲረዝም ድንጋዩና ጉድጓዱ ከላይ በግልጽ ይለያልና። ፀሐይ አናት ላይ ብትሆን ሜዳውና ገደሉ አንድ ይመስልባቸው ነበር። ስለዚህ ቀኑን የወሰነው የጨረቃ ስንተኛነት ነው፤ የኔታ የጠየቁት ሂዩስተን የተቀመጡት መሐንዲሶች የተጨነቁበትን ነገር ነው።

ሮኬትም ቢሆን ታሪኩ የእኛ አባቶች ከጠረጠሩት ብዙ የራቀ አይደለም። ሶቪየቶች መስከረም 24 ቀን 1950 ስፑትኒክን ሲያመጥቁ፣ ያቺን 84 ኪሎ የምትመዝን ኳስ ሽቅብ የወሰዳት አህጉር አቋርጦ ቦምብ እንዲጥል የተሠራ ሮኬት ነው። ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ምድርን በ108 ደቂቃ ዞሮ የተመለሰውም በዚያው ዘር ሮኬት ነው። አሜሪካኖቹን ለጨረቃ ያበቃው፣ 110 ሜትር የሚረዝመው የሳተርን 5 ሮኬት መሪ መሐንዲስ ቮን ብራውን ደግሞ፣ ቀደም ሲል ለንደንን የደበደበውን ቪ-2 ለሂትለር የሠራ ሰው ነው። ከሰማይ የሚመጣ ነገር መጀመሪያ ማንን ሊመታ ተሠራ ብሎ መጠየቅ የመሃይም ፍርሃት አይደለም።

ያ የሶቪየትና የአሜሪካ ፉክክር በጎጃም በኩልም አልፏል። ሶቪየቶች ባሕር ዳር ላይ የሠሩት ፖሊቴክኒክ በ1955 ተከፈተ። የቦንጋው ልጅ ቅጣው እጅጉ እዚያ ተማሩ፤ ከዚያ ወደ ጃፓን፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄደው ለናሳ የሕዋ መንኮራኩርና የሳተላይት መሐንዲስ ሆኑ። የጋጋሪን አገር በከፈተው ትምህርት ቤት የተማሩት ሰው ሥራ ያገኙት በአርምስትሮንግ አገር ነው። በ1998 እዚያው አሜሪካ አረፉ። እኛ ስማቸውን አጥብቀን ማንሣት የጀመርነው ካለፉ በኋላ ነው፤ ይህ ደግሞ የቆየ አመላችን ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የእኛዋ ሳተላይት ተራ ደረሰ። ኢቲአርኤስኤስ-1 ትባላለች፤ 72 ኪሎ ናት። ከቻይና ታይዩዋን ማምጠቂያ ስትነሣ በእኛ ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነበር፤ ባለሥልጣናቱና ባለሙያዎቹ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተሰብስበው በቀጥታ ሲከታተሉ በቴሌቪዥን አየሁ። ከ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪዋ አብዛኛውን የቻለችው ቻይና ናት። እኔም እንደሰው ሁሉ አጨበጨብኩ። ማጨብጨቤ አይቆጨኝም፤ በሬዲዮ ድንጋይ ጨረቃን ለሰማ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሳተላይቷ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ለእርሻ፣ ለደንና ለውሃ የሚያገለግል ምስል እንድታነሣ የተሠራች ናት። ካሜራዋ መሬትን እንዲያይ የተሠራው በ13.75 ሜትር ቁራጭ ነው። ስሌቱን ብትሠራው አንድ ጥማድ መሬት በእርሷ ዓይን 13 ነጥብ ያህል ነው የሚሆነው። ማሳው መለምለሙን ወይም መጠውለጉን ለማወቅ ይህ ይበቃል። ድንበር ለመለየት ግን አይበቃም፤ ለእርሱ ሌላ ሥራ አለ።

ያንን ሌላ ሥራ ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘመዶቼ ቀበሌ ሄጄ አየሁት። አንዲት ወጣት ባለሙያ ከላይ የተነሣ ትልቅ የቀበሌውን ፎቶ ሳር ላይ ዘርግታ ጥጉን በድንጋይ አስይዛለች። በእጇ ቢያንስ ከ4 ሳተላይት ምልክት ተቀብሎ የቆመችበትን ቦታ የሚነግራት መሣሪያ አለ። ምልክቱ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲወርድ የፈጀውን ቅጽበት እየለካ ነው ቦታውን የሚያወጣው። ባላገሩ ከቧታል። አንዲት ባልቴት ጎንበስ ብለው ፎቶውን ሲመረምሩ ቆዩና ጣታቸውን አንድ ጥቁር ነጥብ ላይ አሳርፈው፣ «ይቺማ የኔ ወይራ ናት፤ ወሰኔ በእርሷ ግርጌ ነው» አሉ። ጎረቤታቸው፣ «እውነት ነው እትዬ፣ ግርጌው የርስዎ ነው፤ ጥላው ግን የኔ ነው» ብሎ መለሰ። ተሣሣቁና ተፈራረሙ።

አባቶቻችን በምንሽር የመለሱት ልኬታ እንዲህ በሣቅ ሲያልፍ ቆሜ አየሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የያኔው ገመድ ሊወስድ መጣ ተባለ፣ የአሁኑ ለባለቤቱ የይዞታ ደብተር ይዞ መጣ። ባልቴቷም በፎቶው ላይ ወይራቸውን አግኝተው ተከራከሩበት እንጂ ዝም ብለው አልፈረሙም። የታየውን ለታየው ሰው ማሳየት ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በላይ፣ ከሕዋ የሚነሣው ምስል ግን ሳር ላይ ተዘርግቶ አያውቅም። ጤፋችን መጠውለጉ ከሕዋ ይታያል፤ የታየው ነገር ግን ቁልቁል ወርዶ ባለማሳው ጆሮ አይደርስም። ማዳበሪያው ዘግይቶ የመጣበት ዓመት ከላይ አረንጓዴው ሳስቶ ይታይ ይሆናል፤ ገበሬው ግን ይህን ለማወቅ ሳተላይት አላስፈለገውም። በ2015 ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ደግሞ፣ ስንቱ ሳተላይት በላያችን እየዞረ እኔ ደብረ ወርቅ ያሉትን ዘመዶቼን በፎቶ እንኳ ማየት አልቻልኩም።

አሁን የከተማችን ልጅ አርምስትሮንግን ያውቃል፤ ጋጋሪንንም ያውቃል። አበቅቴ ስንት እንደሆነ ብትጠይቀው ስልኩን ያወጣል። በስልኩ አልጣላውም፤ እኔም አወጣለሁ። የምጣላው መጠየቅ በመተዉ ነው። የኔታ ሬዲዮ የነገራቸውን ሰምተው ዝም አላሉም፤ በሚያውቁት በኩል ገብተው ያልተነገረውን ጠየቁ። ዛሬ ማሳው ከላይ የሚታይ ገበሬም፣ በላዩ ስለሚያልፈው ነገር ምን አየህ፣ ለማን ነገርክ፣ ለእኔስ መቼ ትነግረኛለህ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልስ ሰጪም ሊኖር ይገባል። አለዚያ ከ1961 ብዙ አልራቅንም፤ ያኔ እንኳ ወሬው ሲቆረጥብን ድንጋዩን ምድጃ ዳር ማስጠጋት እንችል ነበር።