ጉናን በእግር ለማቋረጥ

ጉና ተራራን የማያውቅ የጋይንት ሰው የለም። የእስቴም ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ከደጁ ወጥቶ ጉና ደመና ለብሷል ወይስ ጠርቷል ብሎ ያያል። የስማዳ ቆላ ሰው ግን ጉናን የሚያውቀው በሩቁ ነው። ብርዱን በወሬ ይሰማል እንጂ አልቀመሰውም።

እኛ ስድስት አስተማሪዎች ነን። ሁለታችን የላይ ጋይንት ልጆች ነን፤ ሁለታችን የእስቴ። አንዳችን ከታች ጋይንት፣ አንዳችን ደግሞ ከስማዳ ቆላ ነው የመጣነው። በጥር ወር፣ ትምህርቱ ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ከነፋስ መውጫ ተነሥተን፣ ጉናን አቋርጠን፣ የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ለመግባት አስበናል። በመኪና ቢሆን በደብረ ታቦር ዞሮ መሄድ ይቻላል። ታዲያ ለምን በእግር? የምናስተምራቸው ሰዎች የርብና የጉማራ ውኃ ከየት እንደሚነሣ ይጠይቁናል። መልሱን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይናችን አይተን ልንነግራቸው ፈለግን።

የጉና ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ4100 ሜትር ይበልጣል። ከብዙ ዘመን በፊት እሳተ ገሞራ ነበረ፤ ዛሬ እሳቱ ጠፍቷል። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይወርዱና ጣና ሐይቅ ይገባሉ። የፎገራ ገበሬ ሩዝ የሚያበቅልበት ሜዳ የእነዚህ ወንዞች ሜዳ ነው። በደቡብ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ዓባይ ይሄዳል። በሰሜን ምሥራቅ ያለው ደግሞ ወደ ተከዜ። እንግዲህ አንድ ዝናብ በጉና ጫፍ ላይ ሲወርድ ሦስት ቦታ ይከፈላል ማለት ነው።

ከላይ ዛፍ የለም። መጀመሪያ አስታ ይገኛል፤ ከዚያ ጓሳ፣ ከዚያ ጅብራ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦም ይሞታል። ጓሳውና አስታው ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዘው ቀስ እያሉ ለምንጩ ይሰጡታል። አስታው ለማገዶ ሲያልቅ፣ እርሻውም ወደ ላይ ሲወጣ፣ በበጋ ምንጩ ይደርቃል። ስለዚህ በመንገዳችን አስታ ቆርጠን እሳት አናነድም ብለን ተስማምተናል። የምናበስልበትን ከሰል ከታች ይዘን እንወጣለን። ለአህያችን ትንሽ ሸክም ይጨምርባታል፤ ይሁን።

በዚህ አገር የተራራ ጉዞ ሲነሣ የዐፄ ቴዎድሮስ ጉዞ ሳይነሣ አይቀርም። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ይዘው ነበር። መድፉ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራ ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ሰው በጠፍር እየጎተተ ነው ያወጣው። መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ገደሉ እየተቆረጠ መንገዱ በፊት በፊቱ ይሠራ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር ይባላል። በጨጨሆ ወጥተው፣ ዋድላን አልፈው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ባዶ እጁን የሚሄድ መንገደኛ ይህንኑ መንገድ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሞቱ። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ አለ።

መድፉ ብዙ ይወራለታል። እኛን ግን ሌላ ነገር አሳሰበን። ያ ሁሉ ሠራዊት ስድስት ወር ምን በላ? የበላው የበጌምድርን ገበሬ እህል ነው። ስንቅ ሳይዝ የሚሄድ ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ተማሪ፣ የሰው ጎተራ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስሌታችንን ከስንቅ ጀመርን።

አንድ ሰው ተራራ ሲወጣ በቀን 700 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ይበቃዋል። መንገዱ የ3 ቀን ነው። ለክፉ ቀን 1 ቀን ጨመርንና 4 ቀን አደረግነው። 6 ሰው በ4 ቀን ሲባዛ 24 ይሆናል። 24 በ700 ግራም ሲባዛ 16800 ግራም፣ ማለትም 17 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። እናንተም እርሳስ አንሥታችሁ አስሉት።

ምን እንያዝ የሚለው ብዙ አከራከረን። አንዱ ሽሮና ክክ አለ። በተራራ ላይ ግን ክክ ቶሎ አይበስልም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ውኃ ሳይግል ይፈላል። በባሕር ዳርቻ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በጉና ጫፍ ግን 87 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል፤ ክኩ ግን ጥሬ ነው! የደጋ እናቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። በዚህ ምክንያት በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮና ድርቆሽ መረጥን። በሶ እሳት አይፈልግም። የሚጠጣ ውኃ ግን እናፈላለን። 87 ዲግሪም ቢሆን በሽታ አምጪውን ተሕዋስ ይገድለዋል።

ቀጥሎ መንገዱን ለካን። የያዝነው ካርታ በ50000 እጥፍ ያነሰ ነው። በካርታው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ካርታው ላይ ብዙ ቀጫጭን የተጠማዘዙ መስመሮች አሉ። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ በእርከን ሥራ ላይ የዋለ ገበሬ፣ ካርታውን ገና ሲያየው «ይህማ እርከን ነው» አለ። ልክ ነው። እርከን ስንሠራ በውኃ ልክ እየለካን፣ ሳይወጣ ሳይወርድ፣ ተራራውን ዙሪያውን እንይዘዋለን። የካርታውም መስመር እንደዚያው ነው። በአንድ መስመር ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ከፍታው እኩል ነው። ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው 20 ሜትር ሽቅብ ነው። መስመሮቹ ከተራራቁ ቦታው ገር ነው። ከተጠጋጉ አቀበት ነው። ከተጣበቁ ገደል ነው፤ አህያ አያሳልፍም።

ከነፋስ መውጫ እስከ ጉና ጫፍ፣ ከዚያ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ በካርታው ቀጥታ መስመር ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊሊያም ኔስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ አንድ ሕግ ጽፎ ነበር። ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዝ፤ ለ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ 1 ሰዓት ጨምር ይላል። ነፋስ መውጫ ራሷ ከፍታዋ ወደ 3000 ሜትር ነው። ስለዚህ እስከ ጫፉ 1100 ሜትር ያህል ሽቅብ አለ። በኔስሚዝ ሕግ ከሄድን 12 ሰዓት አይሞላም።

ይህን ይዘን አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። በወጣትነታቸው አጋሰስ እየነዱ ጉናን ብዙ ጊዜ አቋርጠዋል።

«አባባ፣ ጉናን በስንት ሰዓት ያቋርጡት ነበር?» አልናቸው።

«ሰዓት ምን ያደርግላችኋል ልጆቼ? ከቀትር በፊት ጫፉን ማለፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርድና የገዛ እግራችሁን አታዩትም። ደግሞ የሚሄደው ሰው አይደለም፣ አህያዋ ናት። እሷን ጠይቋት።»

በዚህ ተስማማን። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ጭነትም አለ። መጀመሪያ ቀን እስከ ተራራው ግርጌ ብቻ እንሄዳለን። ሁለተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን፣ ከቀትር በፊት ጫፉን አልፈን፣ በእስቴ በኩል ወርደን እናድራለን። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለቱን ይዘን መካነ ኢየሱስ።

አሁን ስለ ቆላው ጓደኛችን እንነጋገር። ነገሩ ቀልድ አይደለም። እሱ የኖረው ከ1500 ሜትር በታች ነው። 1000 ሜትር ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስማዳ ቆላ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት የጉና ጫፍ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ውርጭ ነው። ከብርዱ የባሰው የአየሩ መሳሳት ነው። ለሱ ያልተለመደ ሰው ቶሎ ከወጣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። ጉልበተኛ ወጣት ነው ብሎ ነገር የለም፤ ጎበዙንም ይጥላል። ስለዚህ ጓደኛችን ቀድሞ መጥቶ ነፋስ መውጫ 3 ሌሊት ያድራል። ሰውነቱ ይለምዳል። በመንገድ ላይ ራሱን ካመመው ከዚያ በላይ አንወጣም። እየባሰ ከሄደ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ታች ይዘነው እንወርዳለን። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሽቅብ እየሄዱ ይሻለኛል ማለት ሞትን መጥራት ነው።

ልብስን በተመለከተ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ግሩም ነው። ከረጠበ ግን ይከብዳል፣ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። የበግ ጠጉር ቢረጥብም ይሞቃል። ስለዚህ ከላይ በርኖስ፣ ለመኝታ ባና ያዝን። ጋቢውን በላስቲክ ጠቅልለን ለሌሊት እናስቀምጠዋለን። ሰው ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ መትቶት መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ከነፋሱ ከልለው እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ በደረቅ መጠቅለል፣ ከሌላ ሰው ጋር አስጠግቶ ማሞቅ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ማጠጣት ነው። አረቄ አይሰጠውም። አረቄ ይሞቃል ይባላል አይደል? ቆዳን ለጊዜው ያሞቃል፤ የውስጡን ሙቀት ግን ያወጣዋል።

ማደሪያን በተመለከተ ድንኳን የለንም። የመሸበት እንግዳ ነን ብለን ከሰው ደጅ እንቆማለን። ጎረቤታችን መቄት ውስጥ ገበሬዎች ለእግረኛ ጎብኚዎች ጎጆ ሠርተው፣ ጓዛቸውን በአህያ እየጫኑ፣ ከመንደር መንደር እያሻገሩ ገቢ አግኝተውበታል። በጉና በኩልም ቢሆን የሚያሳድረን ቤተሰብ ማገዶና ድካም አለበት። ስንቃችንን ከነሱ ጋር እንበላለን፤ ቡናና ስኳርም ይዘን እንሄዳለን።

ከሁሉ በፊት ግን የአገሩን ሰላም እንጠይቃለን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ብዙ መንገድ ዘግቷል። ከፊት ያለው መንደር «አትምጡ» ካለ አንሄድም። በሶው አይበላሽም፤ ጉናም የትም አይሄድም።

የመጨረሻው ሥራችን ወረቀት መጻፍ ነው። ስልክ እንይዛለን፤ ባትሪውን ለመቆጠብ ግን ዘግተን ነው የምንሄደው። ገደል ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ የምንሄድበት መንገድና የምንመለስበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ቤት ይቀመጣል። ወረቀቱን የሚይዙት አምና ከኛ ጋር ፊደል የቆጠሩ አንዲት የነፋስ መውጫ እናት ናቸው። ጮክ ብለው አነበቡት። የመጨረሻው መስመር የእሳቸው ምክር ነው፤ እንዲህ ይላል ወረቀቱ፦

«6 ሰዎችና 1 አህያ ነን። ጥር 15 ቀን ጠዋት ከነፋስ መውጫ እንነሣለን። ያን ቀን ከጉና ግርጌ እናድራለን። ጥር 16 ቀን ጫፉን አልፈን በእስቴ በኩል እናድራለን። ጥር 17 ቀን ማታ መካነ ኢየሱስ እንገባለን። እንደገባን እንደውላለን። ስልክ ባይሠራ በመጀመሪያው መኪና መልእክት እንልካለን። ጥር 18 ቀን ማታ ድምፃችን ካልተሰማ፣ በዚሁ መንገድ ፈልጉን።»