በግ ሳይዳሰስ አይገዛም

ባለፈው ሳምንት ማታ፣ ትምህርት ካለቀ በኋላ፣ አንድ ተማሪዬ ወደ ቤታቸው ሳይሄዱ ቀሩ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ዕድሜ ይበልጣል። ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አንድ ደብዳቤ አወጡ። ደብዳቤው የመጣው ከተማ ከሚማረው ልጃቸው ነው።

«ራሴ አነበብኩት» አሉኝ። «አንድም ሰው አላገዘኝም። ግን ማንበቡን ችዬ ነገሩ አልገባኝ አለ።»

ልጁ የጻፈው እንዲህ ነው። አንድ ሰው የድሮ የምኒልክ ቴምብር ሊሸጥለት ነው። ቴምብሩ ብርቅ ነው ተብሏል። ዛሬ ከገዛው ነገ በእጥፍ ይሸጠዋል። ስለዚህ አባቱ አንድ በግ ሸጠው ገንዘቡን እንዲልኩለት ይለምናል።

«በል ንገረኝ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። «ደብዳቤ ላይ የምትለጠፍ ብጣሽ ወረቀት በበግ ትለወጣለች? ልጄ ጤናውን ነው?»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። አፈርኩ። ያፈርኩበት ምክንያት አለኝ። ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ።

እርግጥ ነው፣ ውድ ቴምብር አለ። ቴምብር ማለት የደብዳቤው ማድረሻ ዋጋ መከፈሉን የሚያሳይ ትንሽ ወረቀት ነው። በአገራችን የፖስታ ሥራ የተቋቋመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን የታተሙት በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ ተሥሏል። ዋጋቸው ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ነበር። እንዲህ ያሉትን የድሮ ቴምብሮች የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ሞልተዋል። ይገዛሉ፤ ይሸጣሉ። ስለዚህ የልጁ ሐሳብ እብደት አይደለም። እኔም አስቤው ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በመጀመሪያው ዓመት እናቴ አንድ በግ ሸጣ ገንዘብ ላከችልኝ። «የከተማው ብርድ ክፉ ነው አሉ፤ ብርድ ልብስ ግዛበት» ብላ አስጻፈች። ገንዘቡን ይዤ ወደ ገበያ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ዕቃ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ሰው ጠራኝ። በላስቲክ የተጠቀለለ ቴምብር አሳየኝ። የምኒልክ መልክ አለበት። በላዩ ላይ «ቦስታ» የሚል ቃል ታትሞበታል። የፖስታ ቤት ክብ ማኅተምም አርፎበታል።

«ይህች ቃል ያለችበት ብርቅ ነው» አለኝ። «ፈረንጅ ቢያገኘው ያልከውን ይከፍልሃል። አሁን ካልወሰድከው ሌላ ሰው እየመጣ ነው።»

ቸኮልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀምም አልቻልኩም። የብርድ ልብሱን ገንዘብ እንዳለ ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ቴምብር ሲሰበስቡ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። «ስንት ያወጣል?» አልኳቸው። ቴምብሩን በማጉያ መነጽር ዝም ብለው አዩት። ከዚያ መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝ።

«እስቲ ልብ ብለህ እይ» አሉኝ። «የትኛው ቀለም ነው ከላይ ያለው? የቃሉ ነው ወይስ የማኅተሙ?»

አየሁ። «ቦስታ» የሚለው ቃል ቀለም በክቡ ማኅተም ላይ ወጥቶበታል።

«እንግዲህ አስብ» አሉኝ። «ቃሉ የሚታተመው ቴምብሩ ከመሸጡ በፊት ነው። ማኅተሙ የሚያርፈው ደግሞ ደብዳቤው ሲላክ ነው። ስለዚህ ቃሉ ከታች፣ ማኅተሙ ከላይ መሆን ነበረበት። ያንተው ግን ከተቀበረ በኋላ ክርስትና የተነሣ ነው።»

ነገሩ ገባኝ። ቴምብሩ እውነተኛ የምኒልክ ቴምብር ነበር። ቃሉ ግን ሐሰት ነው። ከ1893 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ላይ ተጨማሪ ቃል እየታተመ ይሸጥ ነበር። «ቦስታ» የሚለው አንዱ ነው። ቃል የተጨመረባቸው ቴምብሮች ከሌሎቹ ይወደዳሉ። አታላዮች ይህንን ስላወቁ በርካሹ ቴምብር ላይ የሐሰት ቃል ያትማሉ። ማር ውስጥ ስኳር ከሚጨምር ነጋዴ አይለዩም።

ያን ክረምት በቀጭን አንሶላ ከረምኩ። ለእናቴ ግን «ብርድ ልብሱን ገዛሁ፤ ይሞቃል» ብዬ ጻፍኩላት። እናቴ ያኔ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤዋን የሚያነብላት የጎረቤት ልጅ ነበር። ኀፍረቴ በሰው አፍ እንዲነገራት አልፈለግሁም። ስለዚህ ዋሸኋት።

ይህንን ሁሉ ለተማሪዬ ነገርኳቸው። ከዚያም ሽማግሌው ያስተማሩኝን አራት ነገር አንድ በአንድ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። እርሳቸውም ጮክ ብለው አነበቡ።

አንደኛ፣ አርጅቷል ተብሎ አይገዛም። የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር በእንግሊዝ አገር የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ነው። ይሁን እንጂ ከ68 ሚሊዮን በላይ ታትሟል። ስለዚህ ዛሬም ገበያ ላይ አይጠፋም። በ1856 በደቡብ አሜሪካ፣ በያኔዋ የእንግሊዝ ጊያና፣ የወጣ ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር ግን በዓለም የቀረው አንድ ብቻ ነው። በ2021 በጨረታ ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ዋጋ የሚሰጠው እርጅናው አይደለም። የተረፈው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ሲሆን ነው። የእኛም የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በብዛት ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ስለዚህ ያልተለጠፉት ያን ያህል ውድ አይደሉም። ጥቂት የሆነው ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ በእርግጥ መንገድ የሄደው ነው። የድሮ ፖስታ ያለው ሰው ቴምብሩን አይላጥ። ከነፖስታው ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ አካሉ ይመረመራል። የቴምብር ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። አንድ ጥርስ እንኳ ቢጎድል ዋጋው ይወርዳል። ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። የሳሳ ወይም ተቀዶ የተጣበቀ ቦታ ካለው ብርሃኑ ያጋልጠዋል። ጀርባውንም አገላብጡ። በጣታችሁ አትያዙት፤ ላብ ያበላሸዋል። እሾህ እንደምታወጡበት ያለ፣ ጫፉ ግን ያልሾለ ወረንጦ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ እውነተኛ ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከመክፈል በፊት ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው። ከእውነተኛው ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። የፊደሉን ቅርጽ፣ የቀለሙን ዓይነት፣ የማኅተሙን ቀን ማንበብ ነው። ማሳየት የሚከለክል ሻጭ ከሆነ፣ መልሱ እዚያው ተገኝቷል።

አራተኛ፣ ዋጋው ይጣራል። ካታሎግ የሚባል የቴምብሮችን ዓይነትና ዋጋ የሚዘረዝር መጽሐፍ አለ። እዚያ ያለው ዋጋ ግን ጉዳት ለሌለው ቴምብር ነው። መልሶ ሲሸጡትም ያን ያህል አያስገኝም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሻጭ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡን እንደሚመልስ ሻጩ በደረሰኝ ላይ ይጻፍ፤ ይፈርምም። ከሁሉ በላይ፣ ለእህልና ለልብስ የተቀመጠ ገንዘብ ለቴምብር አይወጣም።

ተማሪዬ አንብበው ሲጨርሱ ሳቁ።

«ታዲያ ይህ የበግ ገበያ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ጥርሱን ሳላይ፣ ላቱን ሳልዳስስ በግ ገዝቼ አላውቅም። አንተ ግን ይህን ሁሉ ተምረህ እንዴት ወረቀቱን ሳታይ ገዛህ?»

«በግ ስገዛ እፈራለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው። «ወረቀት ግን የማውቅ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ እርሳስና ወረቀት ጠየቁኝ። አንድ ሰዓት ያህል ጻፉ። እኔ አልነካሁባቸውም። የጻፉት ይህ ነው፦

«ልጄ፤ ደብዳቤህን ራሴ አነበብኩት። ቴምብር መውደድህ ደግ ነው። በጉ ግን አይሸጥም። መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አሳይ። ዋጋውን ከሦስት ሰው ጠይቅ። ሻጩ ቶሎ በል ካለህ ትተኸው ሂድ። ይህ ደብዳቤ በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነው። ቴምብሩን ከፖስታው ላይ አትላጠው።»

ፋኖሱን አጥፍተን ወጣን። እርሳቸው ደብዳቤውን እንደገና በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሣሁና ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። በጉን፣ ብርድ ልብሱን፣ የሐሰቱን ቴምብር፣ ሁሉንም ሳልደብቅ ጻፍኩላት። እናቴም ዘንድሮ በመንደሯ ፊደል ቆጥራለች። አንባቢ ሳትፈልግ ራሷ እንድታነበው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አተልቄ፣ ቃላቱን አራርቄ ጻፍኩ። በማግሥቱ ከፖስታ ቤት ተራ ቴምብር ገዛሁ፤ ጠርዙን አየሁት፤ ለጠፍኩት፤ ላክሁት።

መልሷን እየጠበቅሁ ነው።