ዘይት አይወልድም

  

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አይደለም። ስለ ሞተር ዘይት ነው። «ይሄ የግብርና ባለሙያ ደግሞ መካኒክ ሆነ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አልሆንሁም። የምጽፈው መካኒክ ሳልሆን እንደ መካኒክ መልስ ስለሰጠሁ ነው። ያ መልስ አንድ የማከብራቸውን አርሶ አደር ብዙ ገንዘብ አስወጥቷቸዋል። እሳቸውም «ጻፈው፣ ሌላው ይማርበት፤ ስሜን ግን ተወው» ብለውኛል። ስለዚህ እኔ እንደምጠራቸው «አያ» እያልሁ ልንገራችሁ።

ጊዜው ጥር መጨረሻ ነበር። በፎገራ ሜዳ ሩዙ ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ በመስኖ የተተከለው ሽንኩርት ደግሞ መድረስ ጀምሯል። አያ ከወንድማቸው ጋር ተጋግዘው የገዟት አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ አለቻቸው። ሽንኩርቱን ከማሳ አስፋልት ዳር እያደረሰች ትመለሳለች። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ምልልስ ነው። የሚነዳት ልጃቸው ነው።

አንድ ቀን በማለዳ በስልክ ፎቶ ላኩልኝ። የሞተሩ ዘይት መሙያ ክዳን ተገልብጦ ይታያል። ውስጡ ላይ ነጣ ያለ፣ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ወዲያው ደወልሁላቸው።

«አያ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አየኸው? እርጎ መስሏል እኮ። ምንድን ነው?»

«ብርድ ነው አያ። ሞተሩ አልቦ ነው። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይግል ስለምታጠፉት እርጥበቱ ክዳኑ ላይ ይቀራል። ይጥረጉትና ረዘም ያለ መንገድ ይንዷት፤ ይጠፋል።»

«እንዲህ ከሆነማ ጥሩ። ተባረክ» አሉኝ።

የተናገርሁት ውሸት አልነበረም። በብርድ ወራት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር በእርግጥ ያልባል፤ ክዳኑ ሥርም ትንሽ ነጭ ነገር ይሠራል። ችግሩ ሌላ ነው። ያየሁት ክዳኑን ብቻ ነው። ዘይቱ በመለኪያው ላይ የት ድረስ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ራዲያተሩ ውኃ ይጠጣ እንደሆነም አልጠየቅሁም። ሁለት ጥያቄ ነበር የቀረኝ።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ደወለ። ፒክአፗ ሽንኩርት እንደጫነች ወደ ወረታ መንገድ ላይ ቆማለች። «ሞተሩ ውስጥ መዶሻ የሚመታ ይመስላል፤ የዘይት መብራቷም በርታለች» አለኝ። «በል አጥፋው፤ እንዳታስነሳው» አልሁት። ቢያንስ ይህችን በትክክል ተናገርሁ። በሞተር ሳይክል ወረታ ሄጄ አንድ አንጋፋ መካኒክ ለምኜ አመጣሁ።

መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ ብረት አልነካም። መጀመሪያ ልጁን ጠየቀው።

«ራዲያተሩ ላይ ውኃ ትጨምር ነበር?»

«አዎ፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሊትር ያህል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቺንጊያው የተበጠሰ ጊዜ በጣም ግላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ከሥሯ ይንጠባጠባል?»

«ኧረ ደረቅ ነው።»

«ታዲያ ውኃው የት ሄደ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ብረት ሳብ አድርጎ ጠረገው፤ መልሶ ነክሮ አወጣው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል። መልኩም የክዳኑ ዓይነት ነው።

«ዘይት ጨምራችኋል?»

«አልጨመርንም።»

«ዘይት አይወልድም» አለ መካኒኩ። «ሳትጨምሩ ከበዛ ሌላ ነገር ገብቶበታል።»

አያ በአህያ ጋሪ ደርሰው ይህን ሰሙ። ቀስ ብለው «ከፍ ማለቱንስ አይቼ ነበር። ዘይት ከመግዛት ዳንሁ ብዬ ደስ አለኝ እንጂ» አሉ። ያን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ያ የከፍታው ነገር ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ነበር። አልጠየቅኋቸውም።

ሞተሩ ሲፈታ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከላይ ያለው ቴስታታ እና ከሥር ያለው የሞተር አካል የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ መከለያ አለ። የውኃው መንገድ፣ የዘይቱ መንገድ እና የእሳቱ ቤት እንዳይደባለቁ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፤ መከለያው ይለቃል። ውኃው ከዚያ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የአያ ፒክአፕ ቺንጊያዋ የተበጠሰ ቀን ነው የታመመችው።

ውኃ የገባበት ዘይት ጉልበት የለውም። በሚሽከረከሩት ብረቶች መካከል ቆሞ እንዳይፋጩ ማድረግ ያቅተዋል። ስለዚህ ብረት ብረትን ይበላል። የእኛዎቹ ብሮንዚናዎች ተፍቀው ኮሎውንም ቧጭረውት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብናቆማት ወጪው ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታውን ማስላግ እና ዘይት መቀየር ይሆን ነበር፤ የአንድ ሁለት በግ ዋጋ። አሁን ግን የበሬ ዋጋ ሆነ። ሽንኩርቱም በጋሪና በኪራይ መኪና እስኪነሳ ቀናት ፈጀ፤ ከፊሉ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ዋጋው ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ስሄድ ከመካኒኩ አጠገብ እየተቀመጥሁ ብዙ ጠየቅሁት። የነገረኝን ለእናንተም እንዲጠቅም በቀላሉ ላስቀምጠው።

ዘይት የሚለካው መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ነው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከፍታውን በየሳምንቱ ደብተር ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ካልጻፋችሁት «ከፍ ብሏል፣ ዝቅ ብሏል» ብላችሁ መናገር አትችሉም። ከዚያ ችግር ሲመጣ እንዲህ ለዩት፦

1. ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ነገር ካለ፣ በመለኪያው ብረት ላይ ያለው ዘይት ግን ንጹሕ ከሆነ፣ ከፍታው ካልጨመረ፣ ራዲያተሩም ካልጎደለ፦ ይህ ላብ ነው። ረዘም ያለ መንገድ ሲነዳ ይጠፋል። እኔ የነገርኋቸው ይህን ብቻ ነበር።

2. ዘይቱ ራሱ ወተት ከመሰለ፣ ከፍታው ከጨመረ፣ ራዲያተሩም ሳያፈስ የሚጎድል ከሆነ፦ የራዲያተሩ ውኃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። ጓርኒሲዮን፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ ወይም ዘይቱን በውኃ የሚያቀዘቅዘው ክፍል (ካለው) ሊሆን ይችላል። ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ተንሳፎ መታየት እና ሞተሩ ከጋለ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው።

3. ከፍታው ጨምሮ ዘይቱ ወተት ካልመሰለ፣ ይልቁንም ከቀጠነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፦ የገባው ነዳጅ ነው። ከኖዝል ወይም ከነዳጅ ፓምፕ ሊመጣ ይችላል። ይህም አደገኛ ነው። የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት እያቃጠለ ከቁጥጥር ውጭ ሊጮህ ይችላል፤ በቁልፍም አልጠፋ ይላል። ይህም ሳይጠገን አይነዳም።

4. እጃችሁ በዝቶ ራሳችሁ ዘይት አብዝታችሁ ከሞላችሁ፦ ኮሎው ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ መልኩም ነጣ ይላል። ይህ አየር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆይ አረፋው ይወርዳል፣ ዘይቱም ወደ መልኩ ይመለሳል። ውኃ የገባበት ግን ቢያድርም ወተት እንደመሰለ ይቀራል። የበዛውን አውጥታችሁ ልክ ማድረግ ነው።

5. ጎርፍ ወይም ወንዝ ካቋረጣችሁ፣ ወይም ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ ካሳጠባችሁ በኋላ የመጣ ከሆነ፦ ውኃው ከውጭ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በክረምት ርብ እና ጉማራ ሲሞሉ የምታቋርጡ ይህን አትርሱ። ራዲያተሩ ምንም ካልጎደለ ይህን ጠርጥሩ።

ከተጠራጠራችሁ ሁለት ቀላል መፈተኛ አለ። አንደኛው ሞተሩን ሳታስነሱ አሳድራችሁ፣ ጠዋት ከሥር ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ቀስ ብሎ ማላላት ነው። ውኃ ከዘይት ይከብዳል፤ ካለ ከሥር ይተኛል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ንጹሕ ዘይት ቢመጣ ግን ውኃ የለም ማለት አይደለም፤ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውን እናቶች ይወዱታል። ምጣድ መጋሉን ጠብታ ውኃ ጣል አድርገው «ጭስስ» ሲል እንደሚያውቁት ነው። አንድ የማትፈልጉትን ቁራጭ ብረት አግሉ፤ ከእሳቱ አርቁትና አንድ ጠብታ ዘይት ጣሉበት። ከተንጣጣ ውኃ አለበት፤ ዝም ብሎ ከጨሰ ውኃ የለበትም። አንድ ጠብታ ብቻ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ዘይት ከሆነ ግን አትሞክሩት፤ ሊቀጣጠል ይችላል። የእንጀራ ምጣድም እንዳትነኩ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ችግር እንዳይመጣ።

ውኃ መግባቱ ከታወቀ ሞተሩን አታስነሱት። «ዘይቱን ቀይሬ እስከ ገበያ ልድረስ» ማለት አይሠራም፤ መንገዱ እስካልተዘጋ አዲሱም ዘይት ወተት ይሆናል። የበዛውን ቀንሶ መንዳትም ያው ነው፤ የምትቀንሱት ውኃውንም ዘይቱንም ነው። ውኃው ወደ ፒስተኑ ቤት ገብቶ ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖ ስትመቱ ውኃ አይታመቅምና ብረት ሊጣመም ይችላል። አስጎትቱ። ራዲያተሩንም ሞተሩ ሳይበርድ አትክፈቱ፤ የሚፈነጥቀው ውኃ ፊት ያቃጥላል።

ጋራዥ ስትደርሱ «ጓርኒሲዮን ቀይርልኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። ያያችሁትን ተናገሩ፦ ዘይቱ ስንት ከፍ አለ፣ ውኃ በቀን ስንት ይጨመራል፣ መቼ ጋለ። ቴስታታው ከወረደ መጣመሙና መሰንጠቁ ይታይ፤ ሳይታይ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገባ እንደገና ይለቃል። መጀመሪያ ያጋለው ነገርም ይጠገን። ከተጠገነ በኋላ ዘይቱ ከፊልትሮው ጋር ይቀየር፤ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ እንደገና ይቀየር፤ የቀረው ውኃ እንዲወጣ።

የመስኖ ፓምፕ ያላችሁም ይህ ይመለከታችኋል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ነገሩ አንድ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ከሆነ ግን ራዲያተር የለውም፤ ስለዚህ ውኃው በዝናብ፣ በጎርፍ፣ በላብ ወይም ከፓምፑ በኩል በለቀቀ ጎማ ገብቶ ይሆናል፤ እዚያ ፈልጉት።

የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አትድፉት። መዥገር ይገድላል ብላችሁም ከብት አትቀቡት፤ ቆዳውን ይጎዳል፣ ከብቱም ይልሰዋል። በጀሪካን አጠራቅማችሁ ለጋራዡ ስጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ሁልጊዜ ለእናንተ የምለው አለ፤ ቢጫ ቅጠል ሁሉ የዩሪያ እጥረት አይደለም፤ ውኃ የተኛበት ሥርም ቅጠል ያቢጫል። አፈሩን ሳታዩ ማዳበሪያ አትጨምሩ እላለሁ። በዚያ ማለዳ ግን ራሴ ቅጠሉን ብቻ አይቼ መድኃኒት አዘዝሁ። አሁን ፎቶ ስትልኩልኝ መልስ የማዘገየው ለዚህ ነው። መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ አትሰልቹብኝ። ያልጠየቅሁ ጊዜ ደግሞ እናንተ «ሌላስ ምን ልይልህ?» በሉኝ።

ይቅርታ ለመጠየቅ አያ ቤት ሄጄ ነበር። ቡና አስፈልተው ጠበቁኝ። ወቀሳ የለ። ቡናው እስኪደርስ ተነስተው ፒክአፗ ጋ ወሰዱኝና መለኪያውን ብረት አውጥተው አሳዩኝ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው፤ መልኩም ንጹሕ ነው። ከጎኑ ደብተር አለ። የየሳምንቱን ከፍታ ልጃቸው ጽፎበታል።

«ዛሬስ አልወለደም» አሉኝ፤ ተሳሳቅን።

ዛሬውኑ መለኪያችሁን አውጥታችሁ እዩ። መኪና ወይም ፓምፕ ላለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት። ሰላም ሁኑ።